ለሚግል ሞተር የሚሆን ኢፖክሲ፦ ከድሬዳዋ ጥምጠማ ቤት

ኢፖክሲ ደረቀ ማለት በሰለ ማለት አይደለም። ኢፖክሲ ሬዚን የሚባል ፈሳሽ ከማጠንከሪያው ከሃርደነሩ ጋር ተቀላቅሎ የሚጠነክር ነገር ነው። ድሬዳዋ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ነገር ከሌላው ቦታ በላይ ያስፈልገዋል። ከተማችን ሞቃት ስለሆነች ሬዚኑ ቶሎ ይጠነክራል። ጥፍር አይገባበትም። ደንበኛው ነካ ነካ ያደርገውና "አቦ፣ ደርቋል እኮ፣ ስጠኝ ልሂድ" ይላል። ሞተሩ ተገጥሞ ሙሉ ጭነት ላይ ሲግል ግን ያ ጠንካራ ነገር መልሶ ይለሰልሳል። ሽቦው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ የሽቦው ልባስ ኢናሜሉ ይፋቃል፣ ከዚያ ሾርት ነው።

ትምህርቴ ኬሚስትሪ ነው። ሙያውን ያገኘሁት ግን የተቃጠለ የሞተር ሽቦ በአዲስ ከሚጠመጠምበት ከጥምጠማ ቤት ነው። ሞተር፣ ትንንሽ ትራንስፎርመርና የቫልቭ ኮይል እንሠራለን። የሚመጣልን ዲናሞ ከወፍጮ ቤት፣ ከብሎኬት ማምረቻ፣ ከሐረማያና ከአወዳይ በኩል ደግሞ ከመስኖ ፓምፕ ነው። ለአብዛኛው ሥራ ጥሩ ቫርኒሽ ይበቃል። አንዳንዱ ግን አቧራና እርጥበት ውስጥ የሚኖር፣ ሙሉ በሙሉ ታሽጎ መቀመጥ ያለበት ኮይል ነው። ለዚህ የሚሆን ሙቀት የሚችል ሬዚን ራሳችን ማዘጋጀት ከጀመርን ቆይተናል። እዚህ የምጽፈው በዚህ ሥራ ያየሁትን ነው። ተመሳሳይ ነገር ለሚያስብ ሰው ጊዜና ገንዘብ ይቆጥብለታል ብዬ ነው።

ከገበያው ልጀምር። በቀላሉ የሚገኘው ኢፖክሲ የወለል ነው፣ ወይም እንጨት ጠረጴዛ ላይ የሚፈስ የጌጥ ነው፣ ወይም በሁለት ቱቦ የሚመጣ ማጣበቂያ ነው። ብዙ ሰው "ይሄ ሬዚን ሙቀት አይችልም" ይላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የብዙዎቹ ዋና ሬዚን ቢስፌኖል ኤ ከሚባለው የተሠራ ያው አንድ ቤተሰብ ነው። ለኤሌክትሪክ መሥሪያ ከሚውለው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ልዩነቱን የሚያመጡት ሃርደነሩና አበሳሰሉ ናቸው። ስዊዘርላንዳዊው ካስታን በፈረንጆቹ 1930ዎቹ መጨረሻ ላይ ለጥርስ ሥራ የሚሆን ነገር ሲፈልግ ይህን ሬዚን ያጠነከረው አንሃይድራይድ በሚባል ሃርደነር፣ በሙቀት ነበር። እኛ ዛሬ ለኮይል የምንፈልገው ዘዴም ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እያንዳንዱ የበሰለ ኢፖክሲ ከጠንካራነት ወደ ላስቲክነት የሚሻገርበት የሙቀት መጠን አለው። ባለሙያዎቹ ቲጂ ይሉታል። ከቲጂ በላይ ሬዚኑ አይቀልጥም፣ ነገር ግን ይለሰልሳል። በሙቀት የመስፋት መጠኑ በሦስት እጥፍ ገደማ ይጨምራል። የኤሌክትሪክ መከላከያነቱም ይወርዳል፣ ምክንያቱም ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ቆሻሻ አዮኖች መንቀሳቀሻ ያገኛሉ። ስለዚህ "ስንት ዲግሪ ይችላል?" የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ "ቲጂው ስንት ነው?" ማለት ነው።

ሬዚንና ሃርደነር ሲገናኙ ሞለኪውሎቹ እየተያያዙ መረብ ይሠራሉ። መረቡ በጠበቀ ቁጥር ቲጂው ይወጣል። ቲጂው ሬዚኑ ያለበትን ሙቀት ትንሽ አለፍ ሲል ግን ሞለኪውሎቹ መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል። ሥራው ሳያልቅ ይቆማል። ድሬዳዋ ላይ በ35 ዲግሪ ጥላ ሥር የደረቀ ሬዚን ቲጂው 50 እና 60 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚቀረው። ሳምንት ቢቀመጥም ብዙ አይሻሻልም። ጣራ ላይ ፀሐይ ማስመታትም መፍትሔ አይደለም። ያንን መረብ ለመጨረስ ሬዚኑን ከምትፈልጉት ቲጂ ጋር ወደሚቀራረብ ሙቀት ማድረስ ግድ ነው። ሞተሩ ራሱ ሲግል ያበስለዋል የሚል ሰው አጋጥሞኛል። በከፊል እውነት አለው። ችግሩ፣ እስኪበስል ድረስ የሚሠራው በለሰለሰ ሬዚን ነው፣ መሞቂያውም ወጥ አይደለም።

ለክፍል ሙቀት የሚሆኑት ሃርደነሮች አሚኖች ናቸው። እነ ትሪኤቲሊን ቴትራሚን ማለት ነው። ለእኛ ሁለት ጣጣ አላቸው። አንደኛው ፍጥነታቸው ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ቆርቆሮው ላይ በ25 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ይቆያል የተባለው ድሬዳዋ ላይ በግንቦት ቀትር ሩብ ሰዓትም አይሞላም። በዛ ያለ መጠን በአንድ ዕቃ ከተቀላቀለ ደግሞ በራሱ ሙቀት ይጨሳል፣ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ጣጣ እርጥበት ባለበት ቀን ላዩ ላይ የሚያጣብቅ ነጭ ልባስ ማውጣታቸው ነው።

እኛ የመረጥነው አንሃይድራይድ ነው። ሜቲል ሄክሳሃይድሮፍታሊክ የሚባለውና የቅርብ ዘመዱ ሜቲል ቴትራሃይድሮፍታሊክ ፈሳሽ ናቸው፣ ቀጭን ናቸው፣ ሽቦ መሀል ይገባሉ። ያለ ሙቀት አይሠሩም ማለት ይቻላል። ይሄ ለድሬዳዋ በረከት ነው። ቀላቅላችሁ፣ አየሩን አስወጥታችሁ፣ በረጋ መንፈስ ታፈሳላችሁ። በደንብ ሲበስሉ ከተራው ሬዚን ጋር 130 ዲግሪና ከዚያ በላይ ቲጂ ይሰጣሉ። ዳይአሚኖ ዳይፌኒል ሰልፎን የተባለው ዱቄት ሃርደነር ወደ 200 ይጠጋል። ግን በከፍተኛ ሙቀት መሟሟት አለበት፣ ከተሟሟም በኋላ ወፍራም ነው። ለጥምጠማ ቤት አይመችም። ሜቲሊን ዳይአኒሊን የሚባለውን ርካሽ ነው ብሎ ቢያቀርብላችሁም አትንኩት፤ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ነው።

ቲጂውን ትንሽ ከፍ ለማድረግ ከሬዚኑ ከፊሉን ኖቮላክ በሚባለው ኢፖክሲ እንተካለን። ኖቮላክ በአንድ ሞለኪውል ከሁለት በላይ መያያዣ ስላለው መረቡ ይጠብቃል። በጣም ካበዛችሁት ግን ይወፍራል፣ ይሰባበራልም። እኔ ከመቶ 30 አካባቢ ላይ ቆሜያለሁ።

ሚዛኑ ላይ ቀልድ የለም። "ሁለት ኩባያ በአንድ ኩባያ" የሚለው ለወለል ቀለም ይሆናል። ሻጩን የሬዚኑን የመረጃ ወረቀት ጠይቁት። የኢፖክሲ ኢኩቫለንት ክብደት የሚል ቁጥር አለ፤ አንድ መያያዣ በስንት ግራም ሬዚን ላይ እንዳለ የሚናገር ነው። ለተራው ፈሳሽ ሬዚን 190 አካባቢ ነው። ለኖቮላኩ 175 አካባቢ ይሆናል። የአንሃይድራይዱ 168 ነው። 70 ግራም ተራ ሬዚንና 30 ግራም ኖቮላክ ከያዛችሁ፣ 70ን ለ190፣ 30ን ለ175 አካፍላችሁ ደምሩ። 0.54 ይመጣል። በ168 አባዙት፤ ከዚያ በ0.9፣ ምክንያቱም አንሃይድራይድ ከሙሉ ሒሳቡ ትንሽ አነስ ሲል የተሻለ ይሠራል። ወደ 82 ግራም ይሆናል። ከዚህ ላይ አንድ ግራም ገደማ መብሰሉን የሚያፋጥን አክሰለሬተር ይጨመራል። የግራም አንድ አሥረኛ የሚያነብ ሚዛን ግዙ። የወርቅ ቤት ሚዛን ይበቃል። የመረጃ ወረቀት የለውም ከተባላችሁ አትግዙ። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ስም ምንም ያህል ቢያምር ቁጥሩን ካላወቃችሁ በግምት ነው የምትሠሩት።

አንሃይድራይድ እርጥበት ይጠላል። ክዳኑ ክፍት ከዋለ ከአየር ውሃ ስቦ ወደ አሲድ ይለወጣል። ታች ላይ ነጭ ደለል ካያችሁ ያ ጠርሙስ ለኤሌክትሪክ ሥራ አይሆንም። ትልቅ ጀሪካን ሲመጣልን ወዲያው በትንንሽ ጠርሙስ እየሞላን እናሽጋለን።

የአሸዋውን ጉዳይ ብዙዎች ይዘሉታል። ንጹሕ ኢፖክሲ በሙቀት ብዙ ይሰፋል፤ የመዳብን ሦስት እጥፍ ያልፋል። ኮይሉ ሲግልና ሲበርድ ሁለቱ ይጓተታሉ። መጨረሻው ስንጥቅ ነው። ኮንክሪት ያለ ጠጠር እንደማይቆም ሁሉ እዚህም ጠጠሩ ያስፈልጋል። የእኛ ጠጠር፣ አሸዋ የምንለው፣ የሲሊካ ዱቄት ነው፣ ከጠቅላላው ክብደት 60 በመቶ ድረስ ይገባል። መስፋቱን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታውንም በብዙ ያሳድገዋል፣ ስለዚህ ኮይሉ ራሱ ቀዝቀዝ ይላል። ዱቄቱን ከመጨመራችሁ በፊት በ120 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓት አድርቁት። የደረቀ ይመስላል እንጂ እርጥበት ይዟል። የወንዝ አሸዋ ፈጭቶ ለመጠቀም ያሰበ ካለ ይተወው፤ ውስጡ ብረትና ጨው አለ።

ቀጭን ሽቦ በጠበቀ ጥምጥም ውስጥ ግን አሸዋ ያለው ሬዚን አይገባም። ዱቄቱ በር ላይ ይቀራል፣ ሬዚኑ ብቻውን ይገባል። እንዲህ ላለው መጀመሪያ ያለ አሸዋ እናጠጣዋለን፣ ከዚያ ውጪውን አሸዋ ባለው እንሸፍናለን። ሬዚኑንም ኮይሉንም ወደ 60 ዲግሪ ማሞቅ ብዙ ይረዳል። ውፍረቱ ወዲያው ይቀንሳል።

አየር ሌላው ጠላት ነው። ጥሩ ኢፖክሲ በአንድ ሚሊ ሜትር ከ15 ኪሎ ቮልት በላይ ይይዛል። አየር 3 አካባቢ ነው፣ ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አረፋ ካለ የኤሌክትሪክ ጫናው አረፋው ላይ ይበረታል፣ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። በተራ 380 ቮልት ይህ ያን ያህል አያስፈራም። በኢንቨርተር፣ ማለትም ኃይሉን በምት በምት ቆራርጦ በሚልክ መሣሪያ፣ የሚሠራ ሞተር ላይ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የሶላር ፓምፖች በአብዛኛው እንደዚያ ናቸው። ኢንቨርተሩ የሚልከው ሹል ምት ከ1000 ቮልት ሊያልፍ ይችላል፣ ረጅም ገመድ ሲኖረው ደግሞ ይብሳል። ገበሬው "ዲናሞው አዲስ ነበር፣ ለምን ነደደ?" ሲል ብዙ ጊዜ ከዚህ በኩል መፈለግ ይሻላል።

ለአየሩ ቫኪዩም ፓምፕ እንጠቀማለን። የፍሪጅ ጥገና ፓምፕ ለትንሽ ሥራ ይሆናል። እዚህ ላይ ለምሥራቁ ሰው የምነግረው አለ። ቪዲዮ ላይ "ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ከዜሮ በታች 0.95 ባር እስኪደርስ" ሲሉ ሰምታችሁ ፓምፓችሁን አትውቀሱ። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የአየር ግፊቷ 0.88 ባር ገደማ ነው። ጌጁ ከዚያ በላይ ሊያሳይ አይችልም። ሐረር ከ1,880 ሜትር በላይ ስለሆነች 0.81 አካባቢ ላይ ይቆማል። ያ ሙሉ ቫኪዩም ነው። ሬዚኑ አረፋ አውጥቶ ወደ ላይ ይነሳል፣ ከዚያ አረፋው ይፈነዳል፣ ይወርዳል። ዕቃው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ባዶ ቦታ ይኑረው፤ አለበለዚያ ፓምፑ ሬዚን ይጠጣል።

ኦቭኑን ከላሜራና ከመስታወት ሱፍ እኛው ሠራነው። ሁለት ማሞቂያ፣ የአየር ማዟዟሪያ ፋን፣ ዲጂታል መቆጣጠሪያ። ዋናው ፋኑ ነው። ያለ እሱ ላይና ታች በ20 እና 30 ዲግሪ ይለያያል። የሙቀት መለኪያውን አየሩ ላይ ብቻ አታስቀምጡ። አንዱን ኮይሉ ራሱ ላይ እሰሩት፤ ከባድ ብረት ከአየሩ በኋላ ነው የሚሞቀው። ዳቦ የጋገራችሁበትን ወይም የምትጋግሩበትን ኦቭን ለዚህ አትንኩ።

አበሳሰላችን በ80 ዲግሪ ይጀምራል። እዚያ ሬዚኑ እስኪረጋ ይቆያል። ከዚያ 120 ላይ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ 150 ላይ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ። ማቀዝቀዙም ቀስ ብሎ፣ በሩ ተዘግቶ ነው። ቶሎ ለመጨረስ ከ80 ወደ 150 የዘለለ ሰው ብዙ ጊዜ ስንጥቅ ያገኛል። መብራት ከሄደ በሩን አትክፈቱ። ሲመጣ ኮይሉ ባለበት ሙቀት ጀምራችሁ በዝግታ መልሱት። የረጋ ሬዚን የተቋረጠበትን መልሶ ይይዛል፤ የሚጎዳው ድንገት መብረዱ ነው። ለዚህ ስንል ረጅሙን ማብሰል ሌሊት ላይ እናደርገዋለን።

ከማብሰል በፊት የሚረሳ ነገር አለ። ተራ ፒቪሲ ገመድ በ150 ዲግሪ ይበላሻል። መውጫ ገመዶቹ ሲሊኮን ወይም የመስታወት ክር ልባስ ያላቸው ይሁኑ። የኮይሉ ፕላስቲክ ማጠንጠኛም እንዲሁ ይታይ። የሽቦውንም ክላስ፣ ማለት የሚችለውን የሙቀት ደረጃ፣ ጠይቁ። ክላስ ቢ ማለት 130፣ ኤፍ ማለት 155፣ ኤች ማለት 180 ዲግሪ ነው። ሬዚኑ ኤች ቢሆን ሽቦው ቢ ከሆነ ሥራው ቢ ነው። ክላሱ ደግሞ ለአካባቢው አየር የሚቆጥረው 40 ዲግሪ ነው። ለኤፍ ሞተር ከዚያ ላይ 105 ዲግሪ ግለት፣ ለውስጠኛው ትኩስ ቦታ 10፣ ድምሩ 155። ቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ ወፍጮ ቤት 45 ከደረሰ 5 ዲግሪው ከዕድሜው ላይ ነው የሚቀነሰው። በልምድ እንደሚባለው 10 ዲግሪ ትርፍ ሙቀት የኢንሱሌሽንን (የኤሌክትሪክ መከላከያውን) ዕድሜ ወደ ግማሽ ያወርዳል።

ከፍታውም ይቆጠራል። የሞተር ደረጃው እስከ 1,000 ሜትር ነው የተሰላው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በደንብ አይቀዘቅዝም። በየ100 ሜትሩ ከሚፈቀደው ግለት አንድ በመቶ ገደማ ቀንሱ። ድሬዳዋ ብዙም አይሰማትም፣ ሐረር ወደ 9 በመቶ ነው። ሐረር ግን አየሯ ቀዝቀዝ ስለሚል ብዙውን ጊዜ ይካካሳል። ደግነቱ!

ላብራቶሪ ባይኖርም መፈተሽ ይቻላል። እኛ ከእያንዳንዱ ቅልቅል ትንሽ ዘንግ እናፈሳለን። ኦቭን ውስጥ ሁለት ድጋፍ ላይ አስቀምጠን መሀሉ ላይ ክብደት እንሰቅላለን። ሙቀቱን ቀስ እያደረግን እንጨምራለን። መጉበጥ የሚጀምርበትን ዲግሪ እንጽፋለን። ትክክለኛው ቲጂ አይደለም፣ ግን የዛሬውን ከትላንቱ ለማወዳደር ከበቂ በላይ ነው። ያልበሰለው ወዲያው ይታወቃል። ለስንጥቅ ደግሞ ትልቅ የብሎን ዳዶ ሬዚኑ ውስጥ እንቀብራለን። ከፍሪዘር ወደ ኦቭን፣ ከኦቭን ወደ ፍሪዘር እናመላልሰዋለን። የዳዶው ጥግ ሹል ስለሆነ ደካማ ቅልቅል ከዚያ ነው የሚሰነጠቀው። አሸዋ የሌለበት ናሙና ቶሎ ይሄዳል። ይህን አንዴ በዓይኑ ያየ ሰው የሲሊካውን ወጪ አይከራከርም።

ለኤሌክትሪኩ የታሸገውን ኮይል ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ እናሳድራለን። ጫፎቹ ውጪ ይሆናሉ። ጠዋት በ500 ቮልት ሜገር፣ የመከላከያነት መለኪያ መሆኑ ነው፣ በኮይሉና በውሃው መሀል እንለካለን። እጃችሁን ከውሃው አርቁ፣ ሲያልቅም ቻርጁን አስወጡ። ለተራ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ሞተር ዝቅተኛው የሚፈቀደው 5 ሜጋ ኦም በ40 ዲግሪ ነው። በደንብ የታሸገ ነገር ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ሜገር ስታነቡ ሙቀቱን አብራችሁ ጻፉ። 10 ዲግሪ ሲጨምር ንባቡ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሐረር ላይ በ20 ዲግሪ 40 የነበረው ድሬዳዋ ላይ በ40 ዲግሪ 10 ቢያሳይ ዕቃው አልተበላሸም። በዚህ ምክንያት ብቻ ሁለት ጥምጠማ ቤቶች ሲጣሉ አይቻለሁ።

ውጪ ለሚውል ነገር ይህ ቅልቅል አይሆንም። ቢስፌኖል ኤ ፀሐይ ይመታዋል፣ ላዩ ዱቄት ያወጣል። አቧራና ትንሽ ጤዛ ሲጨመርበት ጅረቱ ላዩ ላይ መንገድ ያበጃል፣ ጥቁር የካርቦን መስመር ይተዋል። ለውጪ ሳይክሎአሊፋቲክ የሚባል ሌላ ዓይነት ኢፖክሲ አለ። ዋጋው ውድ ስለሆነ እኛ አልገባንበትም፤ ሳጥን ውስጥ የማይገባ ሥራ ሲመጣ እንመልሳለን።

ስለ ጤና ባጭሩ። ኢፖክሲ ቆዳን ያስቆጣል። አንዴ ሰውነት ከተቆጣ በኋላ ትንሽ ጠብታም ሽፍታ ያወጣል፣ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። የናይትራይል ጓንት አድርጉ። እጃችሁ ላይ ከነካ በቲነር አትታጠቡ፣ ቲነሩ ወደ ቆዳ ያስገባዋል። ሳሙናና ውሃ ይበቃል። የጋለ አንሃይድራይድ ጭሱ አስም ያመጣል፣ ስለዚህ ኦቭኑ ጭስ ማውጫ ይኑረው። የሲሊካ ዱቄት ሳንባ ይጎዳል። ሲመዘንና ሲቀላቀል የአቧራ ማስክ ነው፣ የፊት ጨርቅ አይደለም። "ሙቀት ነው፣ ጓንት አልችልም" የሚል ልጅ ይመጣል። ለእሱ የጠዋቱን ሥራ ስጡት፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት የተቀላቀለ ነገር ለሬዚኑም ለሰውየውም ይሻላል።

መጨረሻ ላይ ስለ ዋጋና ስለ ጥገና። በኢፖክሲ የታሸገ ስቴተር (የሞተሩ የማይዞረው፣ ሽቦ የተጠመጠመበት ክፍል) በቀላሉ አይፈታም። በቫርኒሽ የተሠራውን አሙቀን እንጎትተዋለን፣ ይህኛው ግን መቃጠል አለበት። ከልክ በላይ ሲቃጠል ደግሞ የስቴተሩ ብረት በተሠራባቸው ስስ ቅጠሎች መሀል ያለው መከላከያ ይጠፋል፣ ሞተሩ ያለ ጭነት እንኳ መጋል ይጀምራል። ስለዚህ የወፍጮ ቤት ዲናሞ ይዞ መጥቶ "እንደ ኮይሉ በኢፖክሲ ድፈንልኝ" ለሚል ደንበኛ እምቢ እላለሁ። ክላስ ኤፍ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ አጠጥቼ፣ በደንብ አብስዬ እሰጠዋለሁ። ድፍኑን ያስቀረሁት ለቫልቭ ኮይል፣ ለትንሽ ትራንስፎርመርና ከተቃጠለ ተጥሎ በአዲስ ለሚተካ ነገር ነው።